የብረት ጥርሶች ዕርገት

ቡድን እንደ ሰው ነው፤ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ታሞ ይሞታል። አንዳንዱ በሽንፈት ይሞታል። አንዳንዱ አዳራሹ ተቃጥሎበት ሜዳ ላይ ይቀራል። አንዳንዱን ደግሞ ባለቤቱ ሌላ ከተማ ሴት ወዶ ጠቅልሎት ይሄዳል። በክብር ብዛት የሞተ ቡድን ግን፣ ወንዙ ግንድ፣ ሰማዩ የወረቀት ፋብሪካ ጭስ በሚሸከምበት በዚህ በሰሜኑ አገራችን፣ ከብረት ጥርሶች በቀር ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። ይህ ታሪክ ለትውልድ መተላለፍ አለበት። ትውልዱ ባይፈልገውም ይተላለፋል።

ብረት ጥርሶች የበረዶ ሆኪ ቡድን ነበሩ። ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ የሚዞሩ፣ ስማቸው አልፎ አልፎም ቢሆን በትክክል ተጽፎ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ባለሙያዎች። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ከተጫዋቾቹ መካከል አፉ ሙሉ የሆነ አንድ ሰው እንኳ ስላልነበረ ምኞት ሳይሆን አይቀርም። በሊጉ ውስጥ የነበራቸው ቦታ የጸና ነበር። ስምንት ቡድን ሲወዳደር ስምንተኛ ይወጣሉ፤ ሰባት ሲወዳደር ሰባተኛ። መወላወል የሚባል ነገር አያውቁም።

አምበላቸው ዞኤል ባራቤ የሚባል ተከላካይ ነበር። በጋ በጋውን ፋብሪካ ውስጥ ግንድ ይጎትታል፤ ወንዙ በረዶ ሲሆን ደግሞ ሰባት ቁጥር ማሊያውን አጥልቆ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ስለት ጫማውን አስሮ፣ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ፓክ የሚሏትን ድንጋይ የመሰለች የጎማ ክብ በደረቱ፣ በሽንጡ፣ በጉልበቱ፣ ሁለት ጊዜም በአፉ አቁሟታል። ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፈው ትርፍ ቀኝ ጉልበቱ ነው፤ በረዶ ሊጥል ሲል አስቀድሞ ይጠዘጥዘዋል። ሚስቱ ብላንዲን የአየር ትንበያ ከሬዲዮ መስማት ከተወች ቆይታለች።

የቡድኑ ባለቤት ሙሴ (በአገራችን አቶ እንደማለት ነው) ፊሌሞን ጋድቡዋ በሙያቸው ቀባሪ ናቸው። አስከሬን ያጥባሉ፣ ሳጥን ይሸጣሉ፣ በጥቁር መኪና እስከ መቃብሩ ያደርሳሉ። ቡድኑንም ያገኙት በሥራ ላይ ሳሉ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ሞተው ሬሳ ሊያነሡ ቢሄዱ፣ ወራሾቹ በሒሳቡ ፋንታ ቡድኑን አሸክመው ሰደዷቸው። በከተማው ውስጥ እንደ ሙሴ ጋድቡዋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ክርን ይዞ የሚያስተዛዝን፣ ሰውን ከነቤተሰቡ በክብር የሚያሳርፍ የለም። ማንም ሰው ከእርሳቸው ጋር ትንሽ ቆሞ ከተነጋገረ፣ የሞተ ዘመድ እንዳለው ይሰማዋል።

የመጀመሪያው ዕርገት የተፈጸመው ሽማግሌው ዮአኪም ላካስ ባረፈ በሳምንቱ ነበር። ላካስ ብረት ጥርሶች ሲመሠረቱ የነበረ አጥቂ ነው። ሲጫወት ይጨበጨብለት ነበር፤ ካቆመ በኋላ ግን እንደማንኛውም ሰው ተሰልፎ ትኬት ይቆርጣል። ሙሴ ጋድቡዋ እንደ ወጉ ከቀበሩት በኋላ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቅር አላቸው። በጨዋታው ዕለት በረዶው መሐል ቀይ ምንጣፍ አስነጠፉና፣ የላካስን ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ በገመድ አሳስረው፣ ኦርጋን እየተመታ ቀስ ብሎ ወደ ጣሪያው እንዲወጣ አደረጉ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ በዚያ በቀብር ድምፃቸው፣ «ዘጠኝ ቁጥርን የሚለብስ ሕያው ሰው አይኖርም። ዘጠኝ ቁጥር ዐርፏል።»

የላካስ ሚስት ጥቁሯን ለብሳ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቆማ ነበር። «በቁሙ አንድ ብርጭቆ ቢራ ያልጋበዛችሁትን ሰውዬ» አለች፤ የቀረውን ኦርጋኑ ዋጠው።

ሕዝቡ አለቀሰ። ወንድ ሴቱ አለቀሰ። ያን ዕለት ብረት ጥርሶች ስምንት ለአንድ ተሸነፉ፤ ልብ ያለው ሰው የለም። ሙሴ ጋድቡዋ ግን ሌላ ነገር ልብ ብለው ነበር፤ አዳራሹ ቡድኑ ከተመሠረተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞልቷል።

ዞኤል ወደ ቤቱ መኪና እየነዳ ሲመለስ፣ «ብላንዲን» አለ፣ «እኔም አንድ ቀን እንደዚያ ቢያደርጉልኝ።»

«መጀመሪያ መሞት አለብህ።»

«ሳልሞት ቢሆን ደስ ይለኛል።»

«ጉልበትህን አነጋግረው። እሱ እኩሌታውን መንገድ ሄዷል።»

ዞኤል ሳቀ፤ ነገሩ ግን ከሆዱ አልወጣም። ሰው ሁሉ አንድ የሚያምረው ነገር አለው፤ እሱን ያማረው ገመድና ጣሪያ ነበር።

ሙሴ ጋድቡዋ በበኩላቸው አሰቡበት። ጎል እንዲገባ ተጫዋች ያስፈልጋል፤ ተጫዋች ደግሞ ዱላ ይሰብራል፣ ይበላል፣ ይታመማል። ማሊያ ለመስቀል ግን ገመድ ይበቃል። ችግሩ የሚሰቀልለት ሰው ማግኘቱ ላይ ነው። ሦስት አራት የቀድሞ ተጫዋቾች ተሰቀሉ፤ ከዚያ የሚገባውም፣ ለመሞት የተዘጋጀውም አለቀ። በዚህ ጊዜ የክብር አሰጣጥ አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሰፊና ጥልቅ ጥናት ካካሄደ በኋላ፣ አንድን ሰው በሆኪ ለማክበር ሰውየው ሆኪ የተጫወተ መሆኑ «ጠቃሚ ቢሆንም ግዴታ እንዳልሆነ» ደረሰበት። ሳይንስ እንዲህ ነው፤ የሚፈልጉትን ካወቁ አያሳፍርም።

በዚህ ግኝት ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሙት ከንቲባው አንሴልም ትሩዴል ናቸው። ከንቲባው ስለት ጫማ አድርገው አያውቁም። አንድ ጊዜ የዓመቱን ጨዋታ ሊያስጀምሩ በደረቅ ጫማቸው በረዶው ላይ ወጥተው፣ ሲንሸራተቱ ዳኛውን ይዘው ወድቀዋል። ኮሚቴው ይህንን «በሜዳ ላይ የታየ ተሳትፎ» ብሎ መዘገበው። የሚገባቸውም ቁጥር አንድ ሆነ፤ ከንቲባ ከአንድ ወዲያ ምን ሊሆን ይችላል። ችግሩ አንድ ቁጥር በበረኛው በኤሜ ሎዞን ጀርባ ላይ መኖሩ ነበር።

«ቁጥሬ እኮ ነው፣ ሙሴ ጋድቡዋ» አለ ኤሜ።

«ስንት ዓመት ለበስከው?»

«ስድስት።»

«ከንቲባው ስንት ዓመት መሩን?»

«አሥራ አንድ።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ኤሜ ሒሳብ ያውቅ ስለነበር ማሊያውን አስረከበ።

የፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ ደግሞ፣ «ከንቲባው አንድ ከሆነ እኔ ሁለት ልባል ነው?» ብለው ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነፈጉ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ከቁጥሮች ሁሉ ትልቁን፣ ዘጠና ዘጠኝን ሰጣቸው፤ ሊጉ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ዘጠና ዘጠኝ ከአንድ እንደሚበልጥ ለከንቲባው ማን ሹክ እንዳላቸው አይታወቅም፤ ብቻ ሁለት ቀን ቢሮ አልገቡም። ቄሱ የጌታችንን ዕድሜ ቆጥረው ሠላሳ ሦስትን ወሰዱ። የጥርስ ሐኪሙም ተሰቀለ፤ እውነቱን ለመናገር ለዚያ ቡድን ከእርሱ በላይ የደከመ የለም። ከዚያ በኋላ የእሳት አደጋው አዛዥ፣ የኢንሹራንሱ ሰውዬ፣ ዓሣ ሻጩ፣ የከንቲባው አማት። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። እውነት ነው፤ የኛ ጌቶች አልተቆጡም፤ ጨዋታውን ወሰዱት እንጂ።

ዞኤል በዚህ ጊዜ የመጠጥ ቤቱ ዋና ሽሙጠኛ ሆነ። ከጨዋታ በኋላ ድንች ጥብሱን በአይብና በመረቅ አስደርጎ፣ ቢራውን ይዞ ይቀመጥና፣ «ዛሬ ደግሞ የኢንሹራንሱ ሰውዬ ዐረገ። በዓሣ ሻጩም ቀኝ ተቀመጠ» ይላል። ጠረጴዛው በሳቅ ይናወጣል። አሰልጣኙ ኦቪላ ፒናር ብቻ አይስቅም፤ ኦቪላ ከድፍን ከተማው ስለ ጨዋታው የሚያስብ የመጨረሻ ሰው ነበር፣ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሳቅ አይበዛበትም።

«ሳቅ» አለው አንድ ቀን ዞኤልን። «ያንተ ተራ ሲደርስ አይሃለሁ።»

«የኔ ተራ ሲደርስ ለየት ይላል። እኔ ተጫውቻለሁ።»

ተራው የደረሰ መሰለ። አንድ ማክሰኞ ሙሴ ጋድቡዋ ቀብር ቤታቸው ድረስ አስጠሩትና፣ በሁለት ሳጥኖች መሐል ባለች ወንበር ላይ አስቀመጡት። አንደኛው ሳጥን የኦክ እንጨት ነው፤ ዞኤል ሳያስበው ክዳኑን ዳሰሰው።

«ጥሩ ዓይን አለህ፣ ልጄ» አሉ ሙሴ ጋድቡዋ። ከዚያም ድምፃቸውን የበለጠ ዝቅ አድርገው፣ «የሚመጣው ቅዳሜ ሰባት ቁጥር ይሰቀላል» አሉት።

ዞኤል እጁን ከሳጥኑ ላይ አነሣ። «ምን እላለሁ፣ ሙሴ ጋድቡዋ።»

«ምንም አትበል። ሙሉ ልብስ ልበስ።»

ቅዳሜ ብላንዲን አዲስ ባርኔጣ አድርጋ ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጠች። የዞኤል እናት ከታችኛው መንደር በባቡር መጡ፤ ሦስት ትልልቅ የሥጋ ኬክ ጋግረው በጨርቅ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። መብራቱ ደበዘዘ፣ ኦርጋኑ ተመታ፣ ከንቲባው ወደ ማይክሮፎኑ ቀረቡ።

«ዛሬ የምናከብራቸው ሰው» አሉ ከንቲባው፣ «ብዙ ተመትተዋል። ተመትተው ግን ተነሥተዋል። ደግመው ተመትተዋል። እርሳቸው ለዚህ ሕዝብ ሲሉ ያልተቀበሉት ውርደት የለም።»

ዞኤል ከንቲባው «እርሳቸው» ሲሉት ለካ ክብር ሰውን አንቱ ያደርገዋል ብሎ ደረቱ ተነፋ። እናቱ ከኋላ ሲነፈርቁ ይሰማዋል።

«ሰባት ቁጥር እንዲያው የመጣ ቁጥር አይደለም» ቀጠሉ ከንቲባው። «ላባቸው ነው፤ ታሪካቸው ነው።»

ዞኤል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ምንጣፉ ላይ ቆመ።

«ስድስት ጊዜ ተወዳድረው ስድስት ጊዜ ተሸንፈው፣ በሰባተኛው ምርጫ ወደ ምክር ቤት የገቡልን የተከበሩ ሙሴ ሌዮኒዳስ ቤዳር።»

የተከበሩት ሰው ከክቡራን መቀመጫ ተነሥተው፣ እጃቸውን እያውለበለቡ፣ ምንጣፉን ይዘው መጡ። ዞኤል አጠገብ ሲደርሱ ሙሉ ልብስ ለብሶ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው አዩ። አስተናጋጅ መሰላቸውና ካፖርታቸውን አውልቀው ክንዱ ላይ ጣሉለት። ዞኤል ሰባት ቁጥር እየተንገዋለለ ወደ ጣሪያው ሲወጣ፣ ከንቲባው ሲያለቅሱ፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ፣ ያን ካፖርት ታቅፎ ቆመ። የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረም፤ ሥሩ በረዶ ነው።

ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ሙሴ ጋድቡዋን ኮሪደር ላይ ያዛቸው።

«ሰባት ቁጥር የኔ ነው ብለውኝ ነበር።»

«እኔ የማን ነው አልኩ? ይሰቀላል ነው ያልኩት። አልተሰቀለም?»

«የምለብሰው እኔ ነኝ።»

«ለብሰኸው ነበር» አሉ ክርኑን ይዘው፣ ለሐዘንተኛ እንደሚያደርጉት። «ቡድኑ ያመሰግንሃል። ሃምሳ ስምንት ባዶ ነው።»

እናቱ የሥጋ ኬኮቹን ሳይፈቱ መልሰው ይዘው ሄዱ። ብላንዲን መኪናው ውስጥ ባርኔጣዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ካፖርቱ ጥሩ ሱፍ ነበር?» አለች።

«ጥሩ ነበር» አለ ዞኤል።

ከዚያ ወዲህ ዞኤል ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ አላየም። ሽሙጡ ግን ስለት አወጣ። ቀድሞ ሰውን ያስቅ የነበረው አሁን ሰውን ያስፈራ ጀመር፤ ዓሣ ሻጩ እሱ ባለበት መጠጥ ቤት መግባት ተወ።

ሥራው ግን ቀጠለ፤ ሰው ማክበር እንደ ቁንጣን ነው፣ አንዴ ከጀመረ አይቆምም። ማሊያዎቹ በዝተው መብራቶቹን ሸፈኑ፤ በረዶው ላይ ጥላ ወደቀ። ተጫዋቾቹ የሚለብሱት ቁጥር በየሳምንቱ ይወሰድባቸዋል፤ ቅዳሜ አሥራ ሁለት የነበረው ረቡዕ ሰባ አራት ይሆናል። ቁጥር ያጣ ተጫዋች ደግሞ ትኬት ቆርጦ ከሕዝቡ ጋር ይቀመጣል፤ ሊጉ ያለ ቁጥር ወደ በረዶው መውጣትን ይከለክላል፣ ሁለት ሰው አንድ ቁጥር መልበስንም እንዲሁ።

በዚህ መሐል ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። ብረት ጥርሶች ማሸነፍ ጀመሩ።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። የተጋጣሚ አሰልጣኞች ልጆቻቸውን፣ «ሃያ አራት ቁጥርን ጠብቁ፣ ጎል የሚያገባው እሱ ነው» ብለው ይልካሉ። ልጆቹም ሃያ አራት ቁጥርን ሦስት ሆነው ሊከቡ ሲፈልጉ፣ ሃያ አራት ባለፈው ሳምንት ጣሪያ ላይ ወጥቷል፤ አጥቂው ሌላ ቁጥር ለብሶ በሌላ በኩል ብቻውን ያልፋል። መብራቱ ደግሞ ጨልሟል፤ የራሳችን ልጆች ጨለማውን ለምደውታል። አንድ የተጋጣሚ በረኛ ሦስት ጎል ከገባበት በኋላ፣ «ፓኳን ማየቱ ይቅርና፣ የማን ጎል እንደሆነ እንኳ ንገሩኝ» ብሏል ይባላል።

ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ ድሉን ገመገመ። የድሉ ምክንያት ክብሩ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ። ስለዚህ ክብሩ ተጠናክሮ ይቀጥል ተባለ። ግማሽ ፍጻሜውን ባሸነፉ ማግሥት፣ «ለድሉ ከበስተኋላ ሆነው ላገዙ» በሚል አራት ሰው በአንድ ጊዜ ተሰቀለ፤ ከአራቱ አንዱ ጨዋታው በተደረገበት ሳምንት ሌላ አገር ነበር። ይህ በእርግጥ ከበስተኋላ ነው።

ኦቪላ ፒናር ቆቡን በእጁ ይዞ ሙሴ ጋድቡዋ ዘንድ ሄደ።

«ለፍጻሜው የቀረኝ ስድስት ቁጥር ነው። ከበረኛው ጋር ስድስት ሰው።»

«ስድስት አይበቃም?»

«ማንም ካላስነጠሰ ይበቃል። ከስድስት ካነሰ ግን ሕጉ ጨዋታ አያስጀምርም። አንድ ሁለት ማሊያ ለዚያች ምሽት ብቻ ይውረድልኝ።»

«የሰቀልኩትን ሰው አላወርድም» አሉ ሙሴ ጋድቡዋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ። «የቀበርኩትን አውጥቼ አውቃለሁ? ባለቤቶቹን ራስህ ሄደህ ለምናቸው።»

ኦቪላ ከቤት ቤት ዞረ። ከንቲባው ሐሳቡን በመርህ ደረጃ እንደሚደግፉ ገልጸው፣ «ግን እኔ ብወርድ ሕዝቡ ምን ሆኖ ነው ይላል?» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ከንቲባው ካልወረዱ አንድ ስንዝር እንደማይወርዱ ነገሩት። ቄሱ ባረኩት። የከንቲባው አማት በሩን አልከፈቱለትም። የምክር ቤት አባሉ ጉዳዩን በቀጣዩ የምርጫ ዘመን እንደሚያነሡት ቃል ገቡ። ኦቪላ ተመልሶ ልጆቹን ሰበሰበና፣ «ስድስት ነን» አላቸው። «አትታመሙ። አትጋጩ። ደረጃ ስትወርዱ እጀታውን ያዙ።»

የፍጻሜው ዕለት ደረሰ። ተጋጣሚው ከወንዙ በታች ያለው ከተማ ቡድን፣ ቀይ ቀበሮዎች ነበሩ፤ ከነሙሉ ተጠባባቂያቸው፣ በሁለት አውቶቡስ መጡ። አዳራሹ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ስድስቱ ብረት ጥርሶች መልበሻ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለት ጫማቸውን ያስራሉ። ዞኤል ጉልበቱን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ ወጣቶቹን በቀልዱ እያረጋጋ ነበር። የማይታመን ነገር ነው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሙሴ ጋድቡዋ ጥቁር ጓንታቸውን እንዳጠለቁ ገቡ።

«ዞኤል፣ ልጄ» አሉ። «ኮሚቴው በአንተ ጉዳይ ተሳስቶ ነበር። ዛሬ ሊያርም ወስኗል። ማሊያህ አሁን ይሰቀላል።»

«የቱ ማሊያ?»

«የለበስከው።»

ዞኤል ለዚህ ሰውዬ የሚሆን ሽሙጥ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረው፤ ሁሉም እሱን ጠበቁ። አልመጣም።

«ከተሰቀለ መልበስ አይችልም» አለ ኦቪላ። «ካልለበሰ አምስት ነን። ከጨዋታው በኋላ ያድርጉት።»

«ከጨዋታው በኋላ ከተሸነፍን ተሸናፊን ማን ያከብራል? ካሸነፍን ደግሞ ሰው ዋንጫውን ነው የሚያየው፤ የአንድ ተከላካይ ጉልበት ማን ያስታውሳል? አሁን ግን አዳራሹ ሙሉ ነው። ሁሉም ተስፋ አለው። ሰው መከበር ያለበት እንዲህ ባለው ሰዓት ነው።»

«ዞኤል» አለ ኦቪላ።

ዞኤል ወለሉን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «የት በኩል ነው የሚሰቀለው?» ብሎ ጠየቀ።

«ከምክር ቤት አባሉ ፊት ለፊት። ትንሽ ከፍ ብሎ።»

«ከፍ ብሎ?»

«በአንድ ክንድ።»

«ከንቲባው ይናገራሉ?»

«አርባ ደቂቃ። ከዚያ አንተ።»

ዞኤል ሁለት እጆቹን ወደ ጀርባው ላከና ማሊያውን በጭንቅላቱ ላይ አወለቀ። «ላብ ላብ ይላል» አለ እያቀበላቸው። «መታጠብ አልነበረበትም?»

«ተወው። ላቡ ነው ታሪኩ።»

«እኛስ፣ ዞኤል?» አለ በረኛው ኤሜ፣ ግዙፉን የእግር መከላከያውን እንዳሰረ።

«እናንተ ወጣቶች ናችሁ» አለ ዞኤል በለሆሳስ፤ በሙሴ ጋድቡዋ ድምፅ ማለት ይቻላል። «ገና ብዙ ፍጻሜ አላችሁ።»

ሥነ ሥርዓቱ ካለፉት ሁሉ ያማረ ነበር። ከንቲባው የተመደበላቸውን አርባ ደቂቃ በጨዋነት አልፈው ሄዱ። ከዚያ ዞኤል ማይክሮፎኑን ያዘ። ንግግር አላዘጋጀሁም አለ፤ ቢሆንም ለካ ዕድሜ ልኩን ሲያዘጋጅ ኖሯል። ከንቲባውን አመሰገነ። ሥራ አስኪያጁን አመሰገነ። ዓሣ ሻጩን ስሙን ጠርቶ አመሰገነ። የምክር ቤት አባሉ ካፖርታቸውን ለሌላ ሳይሆን ለእሱ አምነው የሰጡበትን ቀን መቼም እንደማይረሳ ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። ቀይ ቀበሮዎች ዱላቸው ላይ ተደግፈው ጠበቁ፤ ከመካከላቸው አንድ ሁለቱ ቆመው አንቀላፉ። ሃምሳ ስምንት ቁጥር በኦርጋን ታጅቦ ወደ ጨለማው ወጣ።

ምንጣፉ ተጠቀለለ። ዳኛው ወደ ብረት ጥርሶች ጎን መጥቶ ቆጠረ።

«አምስት ናችሁ። ስድስተኛው የት አለ?»

ኦቪላ ፒናር በጣቱ ወደ ጣሪያው አሳየው።

ዳኛው ሕጉ የሚፈቅደውን ያህል ጠብቆ ፊሽካውን ነፋ። ዋንጫው አንዲት ጠብታ ላብ ላላፈሰሱት ለቀይ ቀበሮዎች ተሰጠ። ሕዝቡ ተቆጥቶ አዳራሹን ያፈርሳል ብለው የፈሩ ነበሩ። ሕዝባችንን አያውቁትም። ጥሩ ንግግር ሰምቶ፣ በደንብ አልቅሶ፣ በጊዜ ወደ ቤቱ ሄደ። ብላንዲን ብቻ መኪናው ውስጥ ሞተሩን አስነሥታ እየጠበቀችው ነበር።

«አየሽ?» አላት ገብቶ ሲቀመጥ፤ ዓይኑ አሁንም እንባ አቅርሯል።

«አየሁ» አለች ብላንዲን። «አምስቱንም አየኋቸው።»

በዚያ በጋ ሊጉ ተሰብስቦ ብረት ጥርሶችን ሰረዛቸው። የተሰጠው ምክንያት አጭር ነበር፤ ቡድኑ ተጫዋች አለው፣ አዳራሽ አለው፣ ደጋፊ አለው፤ የሚለብሰው ግን የለውም። ልጆቹ ወደ ፋብሪካው ገቡ፣ አንዳንዶቹም ወደ ደቡብ ሄዱ። ኦቪላ በበረዶ መጥረጊያ መኪና ሹፌርነት ተቀጠረ። አዳራሹ በረዶው ቀልጦ ሲሚንቶ ቢሆንም ማሊያዎቹ እንደተሰቀሉ ናቸው። ኮሚቴውም አልፈረሰም። ቡድን ያልፋል፤ ኮሚቴ ግን በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ከማሊያዎቹ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ይሰበሰባል፤ ያልተሰቀሉ አምስት ቁጥሮች ስላሉ ሥራው ከባድ ነው። ምክትል ሰብሳቢው ዞኤል ባራቤ ነው። መነጽር ገዝቷል፤ ሽሙጥ ትቷል።

በቅርቡ ኤሜ ሎዞን መጠጥ ቤት ውስጥ አገኘው። ኤሜ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሲያወራ ዱሮ ፓክ የመታው ትከሻ እየከበደው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ቢራውን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠና ለሰዓት ያህል ስለ ሌላ ስለ ሌላው ካወራ በኋላ፣ እንደ ማፈር ብሎ፣ «ዞኤል፣ የኔን ነገር ኮሚቴው ቢያየው ብዬ ነበር» አለው።

ዞኤል ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ማመልከት መብትህ ነው። ግን ዝም ብሎ የሚሰጥ አይደለም፤ ለቡድኑ የተደረገ የተለየ አስተዋጽኦ ይጠየቃል።»

«የፍጻሜው ዕለት ጎል በሩ ላይ ቆሜያለሁ። መብራቱ እስኪጠፋ አልወጣሁም።»

«ቆመሃል። ማንም ቢጠይቀኝ እመሰክራለሁ» አለ ዞኤል በሐዘኔታ፣ ክርኑን ይዞ። «ጨዋታው ግን አልተደረገም። ባልተደረገ ጨዋታ ደግሞ በረኛ ነበረ አይባልም።»

ኤሜ ወደ እሱ ዞረ። «ለምን አልተደረገም?»

«እሱ» አለ ዞኤል መነጽሩን እያስተካከለ፣ «ሌላ አጀንዳ ነው።»